ቆለኛነት ጠባይ ነውን?

«ቆለኛ ደመ ሞቃት ነው» ሲባል ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። አስተያየቱ ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦ ቆላ የተወለደ ሰው ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ የሆዱን መደበቅ አያውቅም። ደገኛ ግን ታጋሽና ቁጥብ ነው፤ ቂሙንም እያሳደረ ያበስለዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ወርዶ ጅቡቲ ከተማ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ይህን አስተያየት ከቤቱ ይዞት ይመጣል፤ ከተማዋም የምታጸናለት ይመስለዋል። ሐምሌ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የባሕሩ ወበቅ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሳል። ወደቡ በር ላይ፣ ገበያ መሐል፣ ጫት በሚደርስበት ሰዓት ጮክ ያለ ክርክር አይታጣም። እንግዳውም «አገሩ ነው እንዲህ ያደረጋቸው» ብሎ ይደመድማል።

ይህን የሚሉት ሰዎች ያላዩትን የሚያወሩ አይደሉም። ከእነርሱ መካከል የማከብራቸው መምህራን፣ ብዙ አገር ያዩ ነጋዴዎችና ነገር አዋቂ ሽማግሌዎች አሉ። ስለዚህ ክርክራቸውን በሚገባው ክብር ላስቀምጠው። የመጀመሪያው፣ ሙቀት አካልን ያነቃቃል፤ መነቃቃቱ ዕድሜ ልክ ሲደጋገም ባሕርይ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ በዓይን የታየ ነው፤ ወርዶ የኖረ ሁሉ ይመሰክራል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ዘመናዊው ሥነ ልቦናም የጠባይን ሥጋዊ መሠረት አረጋግጧል፤ ሙቀትና ቁጣ መዛመዳቸውንም ለክቶ አሳይቷል የሚል ነው። ሦስቱም ቁም ነገር አላቸው። መደምደሚያው ግን ከሦስቱም አይወጣም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፤ ከአንዱ ሙቀት ተቃራኒ ጠባዮች ይቀዳሉ

የአየር ጠባይ የሕዝብን ጠባይ ይቀርጻል ያሉ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። የጻፉት ስለ አንድ ሙቀትና ስለ አንድ ብርድ ነው፤ ያገኙት ሰው ግን አንድ አይደለም። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው ሰባተኛ ክፍል ወኔን የሰጠው ለቀዝቃዛ አገር ሕዝቦች ነው። ኢብን ኻልዱን በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ደግሞ ሙቀት የሚያመጣው ደስታን ነው ይላል፦ የሞቃት አገር ሰው ተጫዋች፣ ለጭፈራ የሚቸኩል፣ ለነገ የማይጨነቅ ነው፤ በብርዳማ ኮረብታዎች የተከበበችው የፌዝ ከተማ ሰው ግን አንገቱን የደፋ፣ የዓመታት ስንዴ የሚያከማች ነው። ሞንተስኪዩ በ1748 ባሳተመው መጽሐፉ የበግ ምላስ አቀዝቅዞ በማጉያ መነጽር መመርመሩን ይነግረናል። ከዚያም ብርድ ድፍረትን፣ ሙቀት ፍርሃትንና ስንፍናን ይወልዳል ይላል። እኛ ደግሞ ቆለኛ ደፋርና ቁጡ ነው እንላለን።

እንግዲህ ያው ሙቀት ለአንዱ ፈሪ፣ ለሌላው ተጫዋች፣ ለእኛ ቁጡ ሰው ከወለደ፣ የተባለው ሕግ ሕግ አይደለም። እያንዳንዱ ጸሐፊ ስለ ጎረቤቱ አስቀድሞ ያሰበውን ወስዶ ፀሐይን ምስክር አደረጋት። የትኛውም ማስረጃ ሊያፈርሰው የማይችል ማብራሪያ ምንም አላብራራም። ይህ የአመክንዮ ጉድለት ብቻውን አስተያየቱን ለመጠራጠር ይበቃ ነበር።

የእኛው አገር ምሳሌም አለ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው ጥናት ሰፊ ቦታ የሰጣት መንዝ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት። ሕዝቧም በጦረኝነቱና በኩሩነቱ ስሙ የተጠራ ነው። የመንዙ ሰው ሲቆጣ ጀግንነት፣ የቆላው ሲቆጣ የደም ሙቀት ከተባለ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም አልለካም። ሚዛኑን የያዘው የተናጋሪው ፍቅርና ጥላቻ ነው።

ሁለተኛ፤ የሰዓቱ ነገር የሰውየው ይደረጋል

ሙቀት ሰውን እንደሚያናድድ አልክድም። ክሬግ አንደርሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር የኃይል ወንጀል እንደሚጨምር በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ለክርክራችን የበለጠ የሚጠቅመው ግን ዳግላስ ኬንሪክና ስቲቨን ማክፋርሌን በ1986 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት ነው። ቦታው የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ አንዲት መኪና ሆን ብላ ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን መቼና ምን ያህል እንደሚነፋ ይመዘገባል። የሙቀቱ መጠን ከ29 እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነበር። የጅቡቲ ከተማ የቀን ሙቀት ከጥር እስከ ሐምሌ የሚመላለሰውም በዚያው መካከል ነው ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ሲጨምር ጥሩምባው ጨመረ። ዝምድናው ጎልቶ የታየው ግን መስኮታቸውን ከፍተው በሚነዱት፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ያልከፈቱ ወይም የሌላቸው በሚመስሉት ሾፌሮች ላይ ነበር።

ይህን ውጤት ረጋ ብለን እንመልከተው። ሁሉም የአንድ በረሃ ከተማ ሾፌሮች ናቸው። ሙቀት ባሕርይን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መስኮት የዘጋውም የከፈተውም እኩል በነፋ ነበር፤ ዕድሜ ልክ የተሠራ ባሕርይ መስኮት ሲዘጋ አይጠፋምና። ሁለቱን የለያቸው በዚያች ደቂቃ ቆዳቸው ላይ ያረፈው አየር ነው። የቀዝቃዛ አየር ጉዳይ ደግሞ በመጨረሻ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ጅቡቲ ውስጥም ኤሮን ወይም ፕላቶ ዱ ሰርፓን አካባቢ ማቀዝቀዣ ባለው ቢሮ የሚውለውና ባልባላ በቆርቆሮ ቤት የሚያድረው የሚኖሩት በአንድ የአየር ጠባይ አይደለም። ካርታው ግን አንድ ቦታ ያደርጋቸዋል።

ጎርደን አልፖርት በ1937 የስብዕናን ጥናት ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ሲያቆም፣ ስብዕና ሲል የፈለገው ከአንድ ሰዓት ስሜት አልፎ በሰውየው ውስጥ የሚጸናውን ነገር ነው። ይህ ልዩነት ከጠፋ የምንነጋገረው ስለ ስብዕና አይደለም። ዋልተር ሚሸል በ1968 እንዳሳየው፣ የአንድን ሰው ጠባይ በመጠይቅ ለክተን በአንድ የተወሰነ አጋጣሚ ምን እንደሚያደርግ ለመተንበይ ብንሞክር የዝምድናው መጠን ከ0.30 እምብዛም አይዘልም። ኋላ ሲሞር ኤፕስታይን በ1979 የብዙ ቀን ባሕርይ ሲደመር ትንበያው እንደሚጠነክር አሳየ። ዊልያም ፍሊሰንም በ2001 የአንድ ሰው ባሕርይ በቀንና በሳምንት ውስጥ እጅግ እንደሚለዋወጥ፣ አማካዩ ግን እንደሚጸና አረጋገጠ። የእነዚህ ተመራማሪዎች ክርክር ረጅም ነው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፦ አንድን ሰው አንዴ ተቆጥቶ ያየ፣ ቁጡ ሰው አየሁ ለማለት አይበቃም።

ከሁሉም ይበልጥ ለእኛ የሚጠቅመው ዩኢቺ ሾዳ፣ ሚሸልና ጃክ ራይት በ1994 ያሳተሙት የሕፃናት የክረምት ካምፕ ጥናት ይመስለኛል። በጠቅላላ ድምር እኩል ጠበኛ የሚመስሉ ሁለት ልጆች በዝርዝር ሲታዩ ለየቅል ናቸው፤ አንዱ እኩያው ሲያሾፍበት ይማታል፣ አዋቂ ሲገሥጸው ግን ዝም ይላል፤ ሌላው ግሣጼ ሲሰማ ይገነፍላል፣ ሹፈት ግን አይነካውም። የሚጸናው ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ንድፍ ነው። ስለዚህ ስለ ማንም ቆለኛ የሚጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ «ቁጡ ነው ወይ?» ሳይሆን «ምን ሲደርስበት ይቆጣል?» ነው።

ሦስተኛ፤ ታዛቢው ያየው ማንን ነው?

«በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ክርክር የሚጠነክረው የታየው ሰው የሕዝቡ ወኪል ከሆነ ነው። ከደጋ የወረደው እንግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ወደቡን፣ የጭነት መኪና ሰልፉንና ገበያውን ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚሆነው በዚህች ከተማ ያልፋል። በገላፊ ድንበር በኩል ወርዶ ጭነት የሚጠብቅ ሾፌር እንቅልፍ አጥቷል፣ አበሉ እያለቀ ነው፣ ወረቀቱ አንድ መስኮት ላይ ቆሟል። ሲጮህ የሰማነው እርሱን ነው። ብዙ ጊዜም ይህ ሾፌር ራሱ ደገኛ ነው!

ኤድዋርድ ጆንስና ቪክቶር ሃሪስ በ1967 ያደረጉት ሙከራ ይህን ስሕተት በላቦራቶሪ አሳይቷል። ተማሪዎች ፊደል ካስትሮን የሚደግፍ ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ ጸሐፊው አቋሙን ራሱ እንዳልመረጠ፣ ታዝዞ እንደጻፈ ተነገራቸው። እንዲያም ሆኖ ጸሐፊውን የካስትሮ ደጋፊ አድርገው ገመቱት። ሊ ሮስ በ1977 ለዚህ ዝንባሌ መሠረታዊ የግምት ስሕተት የሚል ስም ሰጠው፦ የሌላውን ሰው ድርጊት ስናይ ያስገደደውን ሁኔታ እንዘልለውና ምክንያቱን በባሕርይው እንፈልጋለን። ወደቡ በር ላይ የምንፈርደው ፍርድ ከዚህ አይለይም። እኛ ስንቆጣ «ሦስት ቀን አቁመውኝ» እንላለን፤ ሌላው ሲቆጣ «ጠባዩ ነው» እንላለን።

ስለ ጫትም አንድ ቃል ልጨምር። የጫት ዋነኛ ቅመም የሆነው ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ጭነቱ በየቀኑ ትኩስ መድረስ አለበት። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት አካባቢ ሲደርስ ከተማው ይነቃቃል፤ ኃይሉ ሲለቅ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭና ድብርት ይከተላሉ። በማግስቱ ጠዋት የሚታየው ብስጭት መንስኤው በኬሚስትሪ ይታወቃል። ቅጠሉም የበቀለው በሐረርጌ ደጋ፣ አወዳይ አካባቢ ነው። ይህን ብስጭት የቆላ ተፈጥሮ ማለት መንስኤውን በ2,000 ሜትር ከፍታ መሳት ነው።

አራተኛ፤ ምስክር የተጠራው ሳይንስ ለሌላ ይመሰክራል

ሥነ ልቦና የጠባይን ሥጋዊ መሠረት አረጋግጧል የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን ለየትኛው ወገን ይመሰክራል? «ደመ ሞቃት» የሚለው አስተሳሰብ የቅርብ ዘመዱ የጥንቱ ሐኪም የጋለን የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ነው፤ በዚያ ትምህርት ቁጡ ሰው ሞቃትና ደረቅ የሆነ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ነው። ሃንስ አይዘንክ አራቱን የጥንት ጠባዮች ወስዶ በሁለት መስመሮች ላይ አሰፈራቸው፦ በተግባቢነትና በስሜት አለመርጋት። በ1967 ደግሞ መሠረታቸውን በነርቭ ሥርዓት ውስጥ ፈለገ። ልብ እንበል፦ አይዘንክ የሚለው ልዩነት አንዱ ሰው ከጎኑ ካለው ሰው ይዞት የሚወለደው ነው። ከወላጅ የተወረሰ ከሆነ ፀሐይ አልሠራችውም፤ ፀሐይ ከሠራችው ደግሞ ደገኛው ጅቡቲ ወርዶ ሲኖር መለወጥ አለበት። የአስተያየቱ ደጋፊዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር «በደማቸው ነው» ይላሉ፤ በሚቀጥለው «አገሩ ነው» ይላሉ። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ የሚቻለው እንዴት እንደሚገጣጠሙ ከተነገረን ብቻ ነው፤ እስካሁን ግን አልተነገረንም።

ሌሎቹን ዐበይት ንድፈ ሐሳቦች ብንጠራም ያው ነው። ፍሮይድ የስብዕናን ሥር በሕፃንነት ዘመንና በውስጥ ግጭት ፈለገ፤ ካርል ሮጀርስ ሰው ስለ ራሱ በያዘው ምስል። አልበርት ባንዱራ ብቻ አካባቢን በግልጽ ያስገባል፤ እርሱ በ1978 ያለው ግን ሰው፣ ድርጊትና አካባቢ እርስ በርሳቸው ይቀራረጻሉ ነው። ጅቡቲ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከተማው ሥራውን በማለዳ ይጀምራል፤ ሱቆች እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው አሥር ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ፤ የቻለ ቤተሰብ በሙቀቱ ወራት ወደ አርታ ኮረብታ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። ሰዎቹ ሙቀቱን ቁጭ ብለው አልተቀበሉትም፤ የቀኑን ሥርዓት በእርሱ ልክ ሰፍተውታል።

አምስተኛ፤ አንድ ፀሐይ፣ ብዙ ሰው

በዚህች ከተማ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው፣ ኢትዮጵያዊውና ፈረንሳዩ በአንድ ፀሐይ ሥር ይኖራሉ። አስተያየቱ እውነት ቢሆን ትውልድ ሲቆጠር ወደ አንድ ጠባይ ባዘነበሉ ነበር። የመንትዮች ጥናቶችም አንድ ነገር ያስተምራሉ፦ በአንድ ቤት ማደግ ብቻውን የወንድማማቾችን ስብዕና እምብዛም አያመሳስልም። በእርግጥ ይህ በአገርና በአገር መካከል ያለውን ልዩነት አይለካም፤ ከሚገባው በላይ አልጭነውም። የሚያሳየው ግን የስብዕና ልዩነት ትልቁ ክፍል አንድ ጣሪያ ሥር መኖሩን ነው።

ወደ ተቋሞቻቸው ብንመጣስ? አፋሮች ዳጉ የሚሉት የዜና ልውውጥ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ምንጩን ጭምር፣ በተራ ይነጋገራሉ፤ ሰሚው አያቋርጥም፣ ተናጋሪው አይጨምርም። ይህ የትዕግሥትና የጥንቃቄ ሥርዓት የጸናው ዳሎልን በያዘው ምድር ነው፤ ዳሎል በ1960ዎቹ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀቷ ከ34 ዲግሪ በላይ የሆነ ቦታ ናት። የኢሳ ሶማሌዎች ደግሞ ሄር ኢሴ የተባለ ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ 44 አባላት ያሉት ጉባኤ አለው፤ ነገር ከዛፍ ሥር በረጅም ምክክር ይታያል። ዩኔስኮ በ2024 የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ተከራካሪዬ «ሕጉ የጠነከረው ቁጣው ስለበዛ ነው» ሊለኝ ይችላል። መልሴ ይህ ነው፦ ሽምግልና ደጋ ላይ ሲገኝ የትዕግሥት ማስረጃ፣ ቆላ ላይ ሲገኝ የቁጣ ማስረጃ ከሆነ፣ በአንደኛው ነጥብ ወዳሳየሁት ጉድለት ተመልሰናል። እኔ ዳጉ የእያንዳንዱን አፋር ትዕግሥት ያረጋግጣል አልልም። የምለው በሙቀት ውስጥ የኖረ ሕዝብ ለመታገሥ ሥርዓት ማበጀት እንደሚችልና እንዳበጀ ነው።

ስድስተኛ፤ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ

ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ ለማድረግ እነርሱ ሊጠቅሱት ከሚችሉት ሁሉ የጠነከረውን እኔው ላቅርብ። በ2017 ዌይና ባልደረቦቹ «ኔቸር ሂዩማን ቢሄቭየር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በቻይና ከ5,500 በላይ፣ በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎችን መረጃ ይዘው የአካባቢ ሙቀትና ስብዕና መዛመዳቸውን አሳተሙ። ለ22 ዲግሪ በቀረበ አካባቢ ያደጉ ሰዎች በአማካይ ይበልጥ ተግባቢ፣ የተረጋጉና ለአዲስ ነገር ክፍት ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትልቅ ነው፤ አላቃልለውም።

ነገር ግን የሚለውን እናንብብ። መለኪያው ሙቀት ሳይሆን ከ22 ዲግሪ መራቅ ነው፤ በብርድ የራቀውም በሙቀት የራቀውም እኩል ይቆጠራል። የጅቡቲ ከተማ የዓመት አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስምንት ዲግሪ ያህል ርቃለች። የደብረ ብርሃን አማካይ ከ14 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ እርሷም ስምንት ዲግሪ ያህል ርቃለች። በዚህ ጥናት ሚዛን የሰሜን ሸዋ ደገኛና የጅቡቲ ቆለኛ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ደጋና ቆላን በጠባይ ለመለየት ጥናቱን የጠራ ሰው በራሱ ላይ ምስክር ጠራ። ደግሞም የተገኘው የአማካይ ዝምድና እንጂ የመንስኤ ማረጋገጫ አይደለም፤ የአማካይ ዝምድና ደግሞ ፊታችን ስለቆመው አንድ ሰው ምንም አይነግረንም።

ሌላ ጥናት በቀጥታ የእኛን ጥያቄ ይነካል። አንቶኒዮ ቴራቻኖና ባልደረቦቹ በ2005 በ49 ባህሎች ውስጥ ሰዎች ስለ አገራቸው ሕዝብ ጠባይ የሚያምኑትንና የተለካውን ስብዕና አነጻጸሩ፤ ሁለቱ አልተገጣጠሙም። ሮበርት ማክሬይና ባልደረቦቹ በ2007 ቀጥለው ሲመረምሩ የአየር ሙቀት ከሚታመነው ምስል ጋር ተዛምዶ ተገኘ። ምስሉ ግን ከተለካው ስብዕና ጋር አልገጠመም። ፀሐይ የቀረጸችው ስለ ሕዝቡ የሚወራውን ነው ማለት ነው። በመለኪያው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላጃጅና ባልደረቦቹ በ2019 በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ94,000 በላይ ሰዎች በቃል የመለሱትን ሲመረምሩ፣ የተለመዱት የአምስቱ ዐበይት ጠባዮች መጠይቆች በብዙ ቦታ የታሰበውን እንደማይለኩ አሳይተዋል። በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ እኩል የሚሠራ መለኪያ ሳይያዝ የሕዝብን ጠባይ ደረጃ ማውጣት ለማንም አይፈቀድም፤ ለእኔም ጭምር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ የንባብ ቤት ክርክር ብቻ ስላልሆነ ነው። የወደብ ሠራተኛ የተቀነሰበትን ደመወዝ ሲጠይቅ «ቆለኛ ነው፣ ይበርድለታል» ከተባለ ደመወዙ ሳይመረመር ይቀራል። የቤት ሠራተኛ እህታችን በምትሠራበት ቤት ስለደረሰባት በደል ድምፅዋን ስታሰማ «የጅቡቲ ሙቀት ለወጣት» ከተባለ በዳዩ ሳይጠየቅ ይቀራል። በጠባይ የተተረጎመ ቅሬታ መልስ አያገኝም። ስለዚህ በዚህች ከተማ ሰው ለምትቀጥሩ፣ ለምታስታርቁና ሥነ ልቦናን በአማርኛ ለምታስተምሩ ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አንድ ሰው ተቆጥቶ ፊታችሁ ሲቆም ከየት እንደመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደደረሰበት ጠይቁት፤ መልሱንም ጻፉት።